አሮጌው የመረጃ ቋት በአዲሱ ኮምፒውተር፦ ከራቤል የተገኘ ትምህርት

በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ የዶክትሬት ትምህርታችንን ውጭ አገር አጠናቅቀን በተመለስንበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ራቤል ወጥተን ነበር። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ በክረምት ጉሙ ቶሎ የማይገፈፍባት፣ ሰው ባና ደርቦ የሚውልባት ደጋ። «ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው መጣ» የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ስለ ደረሰ፣ በሁለተኛው ቀን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተጠራን። የፊዚክስ መምህር የኮምፒውተር ጠጋኝ አለመሆኑን ለማስረዳት ብንሞክርም ሰሚ አላገኘንም።

በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው በቅርቡ የመጣ፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አዲስ ነው። ሁለተኛው ከአሥር ዓመት በፊት አገልግሎ በእርዳታ የተሰጠ፣ በዊንዶውስ 98 የሚሠራ፣ አቧራ እንዳይገባበት የባና ቁራጭ የለበሰ አሮጌ ነው። በአሮጌው ውስጥ በፎክስፕሮ 2.6 የተዘጋጀ የተማሪዎች መዝገብ አለ፤ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀን፣ ቀበሌ፣ የየዓመቱ ውጤት። ፕሮግራሙን ገልብጠው በአዲሱ ላይ ለማስነሣት በሞከሩ ቁጥር፣ ፋይሉ ከዚህ የዊንዶውስ ዓይነት ጋር እንደማይስማማ የሚገልጽ አጭር መልእክት ይወጣና ነገሩ ያበቃል። የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ ችግሩን እንዲህ ሲሉ ጠቀለሉት፦ «ልጄ፣ አዲሱ ጎበዝ ነው ይሉኛል፤ ግን የእኛን ልጆች አያውቃቸውም።»

አሮጌው ማሽን በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ አልነሣም ብሎ ነበር። የወረቀቱ መዝገብ ከፊሉ በጣራ ፍሳሽ ተበላሽቷል። በዚያው ዕለት ጠዋት አንድ ወጣት ለሥራ ቅጥር የሚሆን የውጤት ማስረጃ ፈልጎ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ስለዚህ የተጠየቅነው ጥያቄ የኮምፒውተር ብቻ አልነበረም፤ የሰዎች ዕድል ያለበት ጉዳይ ነበር።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት ዓይነትም ስለ ነበረው ብዙ ጥንታዊ ፕሮግራሞችን ያስተናግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቻቸውን በመለወጥ ላይ ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ያ የራቤል ጥያቄ እንደገና ይገጥማቸዋል።

እህሉ፣ ጎተራውና ቤቱ

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መረጃው ራሱ ነው፤ በዲስክ ላይ የተጻፉ ስሞችና ቁጥሮች። ሁለተኛው መረጃውን የሚያስገባ፣ የሚፈልግና የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ስንል ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርገን እንጠራለን። ሦስተኛው ፕሮግራሙ የቆመበት ስርዓተ ክወና ነው፤ ዶስ፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ። በባላገር አነጋገር መረጃው እህሉ፣ ፕሮግራሙ ጎተራው፣ ስርዓተ ክወናው ቤቱ ነው። ቤት ሲፈርስ ጎተራው በአዲሱ ቤት በር አልገባ ሊል ይችላል። ባለቤቱ ግን ለዓመት የሚኖረው በጎተራው ሳይሆን በእህሉ ነው።

ፎክስፕሮ የተሠራው ፎክስ ሶፍትዌር በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ማይክሮሶፍት ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1992 ገዝቶ ፕሮግራሙን ሲያሻሽል ቆየ፤ የመጨረሻውን ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 እ.ኤ.አ. በ2004 አወጣ፤ በ2007 ሌላ እንደማይከተል አስታወቀ። ቪዥዋል ፎክስፕሮ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ዛሬም በብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ይነሣል። የራቤሉ 2.6 ግን ከዚያ በፊት የነበረው የ16 ቢት ዘመን ልጅ ነው።

አዲሱ ማሽን አሮጌውን ለምን አልተቀበለም?

የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ በ16 ቢት ያስብ ነበር፤ የማስታወሻ አድራሻውም 20 ቢት ብቻ ነበር። 2ን በ20 ብናነሣው 1,048,576 ይሆናል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከአንድ ሜጋባይት የበለጠ ማስታወሻ መቁጠር አይችልም ነበር። የዶስ ፕሮግራሞች የተጻፉት ለዚህ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ባለ 32 ቢቱ 386 ፕሮሰሰር ይህን አሮጌ ዓለም አልጣለውም፤ በውስጡ አሮጌውን ፕሮሰሰር መስሎ የሚሠራበት የተለየ ስልት ተሰጠው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውሶች የዶስን ፕሮግራሞች ለዓመታት ያስተናገዱት በዚህ ስልት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ስርዓት ሲሠራ ያ የማስመሰያ ስልት እንዲቀር ተደረገ። ኢንቴልም ይህንኑ ንድፍ ተከተለ። ስለዚህ የዶስ ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚቆምበት መሠረት የለውም። ለዊንዶውስ የተጻፉ የ16 ቢት ፕሮግራሞች ችግር ትንሽ ይለያል፤ ስርዓቱ ለመስኮቶችና ለፋይሎች የሚሰጣቸው መለያ ቁጥሮች በ64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ድረስ ይረዝማሉ፤ በ16 ቢት ኪስ ውስጥ ደግሞ አይገቡም። በሁለቱም መንገድ ውጤቱ አንድ ነው፤ በሩ ተዘግቷል።

በተዘጋ በር ለመግባት ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ያለ በማስመሰል አሮጌውን ዊንዶውስ በውስጡ መጫን። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሲያደርግ ቆይቷል። ሁለተኛው ኢሙሌተር ነው፤ የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዞች አንድ በአንድ እያነበበ በአዲሱ ቋንቋ የሚፈጽም አስመሳይ። ዶስቦክስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ለአሮጌ ጨዋታዎች ታስቦ ነው፤ ከእርሱ የተወለደው ቪዶስ ግን የሥራ ፕሮግራሞችን፣ ማተምንና በብዙ ተጠቃሚዎች መካከል ፋይል መቆለፍን ግምት ውስጥ አስገብቷል። ለመረጃ ቋት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መቆለፍ በሌለበት ሁለት ሰዎች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ቢያርሙ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል።

በራቤል ከሁሉ አስቀድመን ያደረግነው ግን ከሁለቱም አንዱን አይደለም። አሮጌውን ኮምፒውተር አጥፍተን ሃርድ ዲስኩን ፈታን፤ በዩኤስቢ ማገናኛ ከራሳችን ላፕቶፕ ጋር አያይዘን ሙሉ ቅጂውን ወሰድን። ከዚያ በኋላ በዋናው ላይ እጃችንን አላሳረፍንም። በቤተ ሙከራ ያለን ብቸኛ ናሙና ሳያባዛ ወደ እሳት የሚያስገባ ተመራማሪ የለም፤ መረጃም እንዲሁ ነው።

በዜሮ ማካፈል

በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒን ጫንን፤ ፎክስፕሮን ገለበጥንና አስነሣነው። ፕሮግራሙ ተነሥቶ በቅጽበት ወደቀ፤ ምክንያቱንም «በዜሮ ተካፍሏል» ሲል ነገረን። ሹሙ ከኋላችን ቆመው «ዜሮ ያገኘ ተማሪ ነው እንዴ የጣለው?» ብለው አሳቁን።

ይህ ስሕተት ለፊዚክስ ሰው የሚያስደስት ታሪክ አለው። የጥንቶቹ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚቆጥር አንድ ክሪስታል ነበራቸው፤ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታ ምልክት ለ65,536 ተካፍሎ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ያህል ያንኳኳል። ከአንዱ ማንኳኳት እስከ ቀጣዩ 55 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ዘመናችን በተማርነው በቱርቦ ፓስካል የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ በእነዚህ 55 ሚሊሰከንዶች ውስጥ ባዶ ዑደት ስንት ጊዜ መዞር እንደሚችሉ ይቆጥሩና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላሉ፤ በዚህም የማሽኑን ፍጥነት በሚሊሰከንድ ያውቃሉ። ውጤቱ የሚቀመጠው በ16 ቢት ነው፤ ከ65,535 መብለጥ አይችልም። 65,535 በ55 ሲባዛ 3,604,425 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ55 ሚሊሰከንድ ይህን ያህል የሚዞር ማሽን በቢሮ ውስጥ አልነበረም። ፕሮሰሰሮች 200 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሲደርሱ ግን መስፈሪያው ሞልቶ ፈሰሰ። ፕሮሰሰሩ የማካፈል ውጤት ከመስፈሪያው ሲበልጥ የሚሰጠው ምልክት በዜሮ ሲካፈል ከሚሰጠው ጋር አንድ ስለሆነ፣ መልእክቱ «ዜሮ» ይላል፤ ዜሮ ግን የትም የለም።

የፎክስፕሮ 2.6 ችግር የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሲነሣ ፍጥነት ለመለካት ይሞክርና በፈጣን ማሽን ላይ ይደናቀፋል። አሮጌው ኮምፒውተር ዝግ ያለ ስለ ነበር ይህ ችግር በራቤል ታይቶ አያውቅም። ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ የፕሮግራሙን ትእዛዞች በአብዛኛው በቀጥታ ለእውነተኛው ፕሮሰሰር ስለሚያስተላልፍ የአዲሱን ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ያወርሰዋል። መፍትሔው ወይ ፍጥነቱን መቀነስ በሚቻልበት ኢሙሌተር መጠቀም፣ ወይ በፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት ባይቶችን የሚያርም ማስተካከያ መጫን ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ የተማሪዎቹ ቅጽም በስክሪኑ ላይ ተዘረጋ።

ፊደሉ የት ገባ?

ቅጹ ተዘረጋ እንጂ ስሞቹ አልተነበቡም። በ«ስም» ቦታ የላቲን ፊደላት፣ ነጥቦችና የማይታወቁ ምልክቶች ተደርድረው ነበር። እዚህ ላይ የደረስንበት ችግር አውሮፓዊው ባለ መረጃ ቋት ያን ያህል የማይገጥመው፣ እኛን ግን በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠብቀን ነው።

አንድ ባይት 256 የተለያዩ ዋጋዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው፤ ቢበዛ 224 ይቀራሉ። የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን፣ አኃዞቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ ፊደላችን በአንድ ባይት ውስጥ አይገባም። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ኢትዮጵያውያን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ይህን ግድግዳ በብልኃት አልፈውታል፤ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንቶች ከፈለው፤ ሌላው ሆሄውንና የድምፅ ምልክቱን ለያይቶ በስክሪን ላይ አጋጠማቸው። እንደ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሥራዎች በዚያ ዘመን ለአማርኛ ጽሕፈት ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ችግሩ የየአንዳንዳቸው የቁጥር አሰጣጥ የተለያየ መሆኑ ነው፤ በአንዱ «መ» የሆነው ባይት በሌላው «ሽ» ሊሆን ይችላል።

የቃላት ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከጽሑፉ ጋር የፎንቱንም ስም ይመዘግባል። የመረጃ ቋት ግን የሚያስቀምጠው ባይቶቹን ብቻ ነው፤ ፎንቱ በቅጹ ላይ የተመረጠ ልብስ ነው። ልብሱ ሲጠፋ የቀረው አካል የማን እንደሆነ አይታወቅም። በራቤል ፎንቱ የመጣበት ዲስኬት ከጠፋ ቆይቷል፤ ደግነቱ ፎንቱ ራሱ ከአሮጌው ዲስክ የፎንቶች ማኅደር ውስጥ ተገኘ። ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ስንገለብጠው ስሞቹ በአንድ ጊዜ ተነበቡ። ሹሙ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አሉና የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ፤ ቀጥለውም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

ፕሮግራሙ ሠራ ማለት ግን መረጃው ዳነ ማለት አልነበረም። የዛሬው ዓለም የሚሠራበት ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ ፎንት ቢቀየር መልኩ እንጂ ማንነቱ አይለወጥም። ስለዚህ ከአሮጌው ባይት ወደ ዩኒኮድ የሚያሻግር ሠንጠረዥ መሥራት ነበረብን። ለዚህ ሥራ የረዳን የድሮው የታተመ የስም ዝርዝር ነው። በአክሱም የቆመው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አንድን ታሪክ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ እንደሚናገር ሁሉ፣ እኛም በአንድ በኩል የማይነበበው ባይት፣ በሌላው በኩል የተነበበው ስም ነበረን። ወረቀቱ የደበዘዘበትን ሹሙ ከትዝታቸው ሞሉት። ሌሊቱን ያደርንበት ሥራ ይህ ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እዚህ ላይ ይጨመሩ። የመጀመሪያው የቦታ ነው፤ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ለ20 ባይት የተሰፋ ዓምድ ስድስት ፊደል ብቻ ይይዝና የቀረውን ይቆርጣል። ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነው፤ «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ሰዎች። መዝገቡ ሲዛወር ስሞቹን እንዳሉ መጠበቅ፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹን አንድ የሚያደርግ ተጨማሪ ዓምድ መፍጠር ይበጃል። የሰውን ስም ለማሽን ምቾት ሲባል ማረም ተገቢ አይመስለንም።

በጳጉሜን የተወለደ የለም

ወደ ትውልድ ቀን ስንመጣ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ዓመቱ 365 ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን ነው፤ ከአንድ ሺህ ተማሪዎች 14 ያህሉ በጳጉሜን መወለድ ነበረባቸው። በመዝገቡ ውስጥ ግን አንድም አልነበረም። ጥቅምት 30 ቀን የተወለደም አንድ ሰው የለም። የመስከረም 1 ልደቶች በአንጻሩ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ነበር።

ምክንያቱ በዓምዱ ዓይነት ውስጥ ነው። የፎክስፕሮ «ቀን» ዓምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛን ቀን በቁጥር ብታስገቡለት አብዛኛውን ሳይጠረጥር ይቀበላል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣ ግን እንዲህ ያለ ወር የለም ይላል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ደግሞ የፌብሩዋሪን ገደብ ይሸከማል፤ 30ኛውን ቀን ጨርሶ፣ 29ኛውን የዓመቱ ቁጥር ለአራት ካልተካፈለ በቀር አይቀበልም። ጸሐፊው ምን ያድርግ? ወላጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማሽኑ እምቢ ይላል፤ ቀኑ ወደ መስከረም 1 ይገፋል። ሹሙን ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «እንዴታ! ጳጉሜን አይወድም ነበር» አሉ።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት ፕሮግራሙን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ በማስነሣት አይታረምም። በተገኘው ወረቀት ጥቂቶቹን አስተካከልን፤ ለቀሩት «ቀኑ በማሽኑ ምክንያት የተለወጠ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወሻ አኖርን። መዝገብ ሲዛወር ጉድለቱም አብሮ ተመዝግቦ መሻገር አለበት።

የኮከቡ ምልክት

ፎክስፕሮ መረጃውን የሚያስቀምጥበት የዲቢኤፍ ፋይል ከዲቤዝ የወረሰው ቀላል አሠራር ነው። በፋይሉ ራስ ላይ ስንት መዝገብ እንዳለና እያንዳንዱ ስንት ባይት እንደሚረዝም ተጽፏል፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዓምድ 32 ባይት የሚሆን መግለጫ ይመጣል፤ ከዚያ መዝገቦቹ እኩል እኩል ተቆርጠው ይደረደራሉ። አንድ ትጉህ ተማሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ራሱ ሊጽፍ ይችላል፤ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችም በቀጥታ ይከፍቱታል። የአሠራሩ ግልጽነት መረጃውን ከፕሮግራሙ ዕድሜ በላይ አኖረው።

የእያንዳንዱ መዝገብ የመጀመሪያ ባይት ግን ምሥጢር አላት። ባዶ ከሆነች መዝገቡ ሕያው ነው፤ የኮከብ ምልክት ካለባት «ተሰርዟል» ማለት ነው። ቋቱ በልዩ ትእዛዝ እስኪጠቀጠቅ ድረስ የተሰረዘው ከዲስክ አይጠፋም። ቅጂያችንን ወደ ዩኒኮድ ስናዛውር የተገኘው ቁጥር በፋይሉ ራስ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ሆነ፤ የተጠቀምንበት መሣሪያ ኮከብ ያለባቸውን በዝምታ ዘልሏቸው ነበር። እነማን ናቸው ብለን ስናይ፣ ትምህርት አቋርጠው ወይም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው የሄዱ ልጆች ናቸው። ለትምህርት ቤቱ የዕለት ሥራ አያስፈልጉም ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ፍለጋ የሚመለሱት ግን ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ኮከቡን ወደ አንድ ግልጽ ዓምድ ለውጠን ሁሉንም አሻገርናቸው።

በፊዚክስ የጥበቃ ሕጎች አሉን፤ ከሂደቱ በፊትና በኋላ አንዳንድ መጠኖች እኩል መሆን አለባቸው። በመረጃ ዝውውርም ይህ ይሠራል። የመዝገቦቹ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ የውጤት ዓምድ ጠቅላላ ድምር፣ የባዶ ቦታዎች ብዛት፣ በፊትና በኋላ ተቆጥረው እኩል ካልሆኑ አንድ ነገር ፈስሷል። ከዚያ በላይ በዕጣ የተመረጡ መዝገቦችን ከወረቀት ጋር በዓይን ማመሳከር ያሻል።

የቤተ መጻሕፍቶቻችን ጉዳይ

የራቤል ታሪክ ትንሽ ነው፤ በአገር ደረጃ ግን ታላቅ ወንድም አለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሲዲኤስ አይሲስ የተባለውን የመረጃ ቋት ፕሮግራም ለታዳጊ አገሮች በነጻ ሲያከፋፍል ነበር። መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ስርዓት ይህን ፕሮግራም በአፍሪካ በማስፋፋትና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ይታወቅ ነበር። በአገራችንም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ማዕከላት የመጻሕፍት፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የጥናቶች ካታሎግ በእርሱ ሠርተዋል። ዛሬ የመጀመሪያው የዶስ ዓይነትም፣ በኋላ የመጣው ዊንአይሲስም የ16 ቢት በመሆናቸው በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሡም።

መልካሙ ነገር ሲዲኤስ አይሲስ መረጃውን አይኤስኦ 2709 በተባለ ዓለም አቀፍ ደንብ ማውጣት የሚችል መሆኑ ነው። ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ኮሃም የሚቀበለው የማርክ አጻጻፍ በዚሁ ደንብ ላይ የቆመ ነው። የዓምዶቹ መለያ ቁጥሮች ስለሚለያዩ የቱ የደራሲ፣ የቱ የርእስ እንደሆነ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ካታሎጉን የሠራው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ዓምዶቹን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር ያ ገጽ ከማንኛውም አዲስ ኮምፒውተር ይበልጥ ዋጋ አለው።

መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም

በተማርንበት አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ውድ መለኪያ በአሮጌ የዶስ ኮምፒውተር ይመራ ነበር፤ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ስለዚህ ችግሩ የድህነት ብቻ አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ በየሳምንቱ መረጃውን ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጠው በሦስት ቦታ ማስቀመጣቸው ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። አሮጌን የመረጃ ቋት በአዲስ ስርዓተ ክወና ላይ ማስነሣት ይቻላል፤ መነሣቱ ግን እህሉን ለማውጣት የሚያገለግል መሸጋገሪያ እንጂ የሚኖሩበት ቤት አይደለም። ቨርቹዋል ማሽኑም አንድ ቀን የማይነሣበት አዲስ ኮምፒውተር ይመጣል። ስለዚህ አሮጌው ገና ሳይሞት ዲስኩ ይገልበጥ፤ ፎንቱና የዓምዶቹ ትርጉም አብረው ይቀመጡ፤ መረጃው በዩኒኮድ ወደ ተራ ጽሑፍ ይውጣ፤ ቁጥሩና ድምሩ ይመሳከር፤ ቅጂው በተለያዩ ቦታዎች ይኑር። አሮጌው ዊንዶውስ ጥበቃ የሌለው ስለሆነ ቨርቹዋል ማሽኑ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ይሥራ።

የአባ ገሪማ ወንጌላት ብራና በካርቦን 14 ሲለካ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል፤ ግዕዝ የተማረ ሰው ዛሬም ያነበዋል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት የተነሡት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትም ብርሃንና ሌንስ እስካሉ ድረስ ይነበባሉ። ብራናው የቆየው በቆዳው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ማንበቢያው ከመምህር ወደ ተማሪ ስለ ተላለፈና ጸሐፊው ሳይሰለች ስለ ገለበጠው ነው። የእኛ የመረጃ ቋቶች የጎደላቸው ይህ ልማድ ነው።

በአራተኛው ቀን ከራቤል ከመውጣታችን በፊት የተማሪዎቹ ዝርዝር በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ። ሹሙ ያንን ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት አስጠርተውት ነበር፤ ስሙን ፈልገው አገኙት፤ ማስረጃውን አትመው ማኅተም መቱበት። ከዚያም የዓምዶቹን ትርጉም በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት ከቅጂው ዲስክ ጋር በፖስታ አድርገው ካዝና ውስጥ ቆለፉ። አሮጌውን ማሽን ይጣል ወይ ብለን ስንጠይቃቸው ባናውን መልሰው እያለበሱት «ለጊዜው ይቆይ» አሉን።